እንደ ሙሽራ ካባ ልክክ ብሎ ያነቀኝ ማንገቻ፦ ጅማ ላይ ያገለገለ የስኩባ ዕቃ ልትገዙ ያሰባችሁ ተጠንቀቁ

ሂርማታ መርካቶ ካሉት ሱቆች በአንዱ ያገለገለ የስኩባ ዕቃ (አየር በጀርባ ተሸክሞ ውኃ ውስጥ መጥለቂያ) ተሰቅሎ ያያችሁ ካላችሁ፣ እጃችሁን ወደ ኪስ ከመስደዳችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ 48,000 ብር ከፍዬ ማጅራት የሚመታ የአየር ሲሊንደር፣ ክንድ የሚጠፍር ማንገቻና ብዙ ሳቅ ገዝቻለሁ። ሳቁ የጎረቤቶቼ ነው።

ጀማሪ አይደለሁም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ጅቡቲ ሦስት ዓመት ስሠራ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ መጥለቅ ተምሬአለሁ። ጅማ ከተመለስኩ በኋላ ባሕሩ ቀረና የቀረን የግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ሆነ። እዚያ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች መረብ ወይም የጀልባ ሞተር በሰመጠባቸው ቁጥር “አንተ ትጠልቅ የለም ወይ?” እያሉ ሲወተውቱኝ ከረሙ። የራሴ ዕቃ በኖረኝ እያልኩ ስመኝ ነው ያንን ሱቅ ያገኘሁት።

ሻጩ አፈ ቅቤ ነው፤ የተረቱን ቀሪ እናንተ ሙሉት። “ኦቦሌሳ (ወንድሜ)፣ መጀመሪያ ለካው፤ ካልወደድከው አትግዛው” አለኝ። የጀርባውን ብረት፣ ማንገቻውን፣ ጠላቂውን የሚያንሳፍፈውን የአየር ከረጢትና ሲሊንደሩን እንደተገጣጠሙ አንሥቶ ከሸሚዜ በላይ አለበሰኝ። ግራ ቀኙን ሳብ ሳብ አደረገ፤ የወገቡን ዘለበት ቆለፈ፤ መስታወት ፊት አቆመኝ። ማንገቻው ወፍራም ስፖንጅ ስላለበት የሲሊንደሩ ክብደት እንኳ አይታወቅም። እንደ ሙሽራ ካባ ልክክ አለ። ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጥቼ ደረሰኝ ብጠይቀው “በወንድማማች መካከል?” ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ስህተቴ የጀመረው ከመስታወቱ ነው። ቆሞ የሚለበስ ዕቃ ክብደቱን ትከሻ ላይ ስለሚያሳርፍ፣ ሱቅ ውስጥ ተመቸኝ ማለት ትከሻዬን አልቆረጠኝም ማለት ብቻ ነው። ጠላቂ ግን ውኃ ውስጥ አይቆምም፤ በደረቱ ይተኛል። ያን ጊዜ ትከሻው ከሸክም ይገላገላል፤ ጥያቄውም ሲሊንደሩ ሰውየውን ወዴት ይጎትተዋል የሚል ይሆናል። ወደ ራስ ከፍ ብሎ ከታሰረ ጭንቅላት ይደፋል፤ ቀና ሲሉም ማጅራት ቫልቩ ላይ ከተገጠመው ሬጉሌተር (የሲሊንደሩን አየር ግፊት ለመተንፈሻ የሚቀንሰው ዕቃ) ጋር ይጋጫል። ዝቅ ብሎ ከታሰረ ደግሞ እግር ይሰምጣል፤ ቫልቩም ከእጅ ይርቃል። ጠላቂዎች ይህንን የሚያስተካክሉት ሲሊንደሩን በሁለትና በሦስት ሴንቲሜትር ከፍና ዝቅ እያደረጉ፣ እየገቡና እየወጡ ነው። በመስታወት የሚሆን ነገር አይደለም።

ሙከራዬን ያደረግሁት በአንድ ሆቴል ዋና ገንዳ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር ስላላመንኩት በአፍ ቱቦ እየተነፈስኩ በውኃው ላይ በደረቴ ተኛሁ። ወደ ፊት ለማየት ቀና ስል ማጅራቴ ጓ አለ። ደገምኩት፤ አሁንም ጓ። አሥር ደቂቃ ያህል እንደቆየሁ መጋጨቱ ቀረ። ተሻለኝ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ሲሊንደሩ ከታሰረበት ቀበቶ ሾልኮ ወደ መቀመጫዬ እየወረደ መሆኑን አወቅሁ። የጀርባው ብረት በበኩሉ ወደ አንገቴ ወጣ። ክንዴን ከማንገቻው ላወጣ ብታገል አልወጣ አለኝ። የገንዳው ጠባቂ ብብቴን ይዞ ጎተተኝ። ውኃው እስከ ደረቴ ብቻ ነበር። ጊቤ ላይ ቢሆን ኖሮ ማንም ብብቴን አይዝልኝም ነበር፤ ውኃው ደለል ስለሚበዛበት ጠላቂ የገዛ እጁን አያይም።

ቤት ወስጄ ቡና እስኪፈላ ፈታታሁት። አቦል ሲቀዳ የትከሻውን ስፖንጅ ገልጬ ነበር። ይህ ዓይነቱ ማንገቻ አምስት ሴንቲሜትር የሚሰፋ አንድ ወጥ ናይለን ሲሆን በጀርባው ብረት ቀዳዳዎች ውስጥ ተላልፎ በሁለቱም ትከሻ ዞሮ ወገብ ላይ ይቆለፋል። ወጥ መሆኑ ነው ለቀጭኑም ለወፍራሙም ሰው እንዲረዝምና እንዲያጥር የሚያደርገው። የእኔው ከእኔ ላነሰ ሰው ተቆርጧል፤ ማጠሩ እንዳይታወቅም ስፖንጁ ሥር ቁራጭ ናይለን በጫማ ሰፊ ክር ተቀጥሎበታል። ለካስ ያ የመስታወቱ ምቾት ስፖንጁ ነው። ስፖንጅ ደግሞ ውኃ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ እሱን ለማስመጥ ጠላቂ ለክብደት ወገቡ ላይ ከሚያስረው የእርሳስ ብረት ተጨማሪ መታጠቅ ግድ ነው። ለምቾት ብሎ የገዙትን በእርሳስ መክፈል ማለት ይህ ነው።

ቶና ላይ ወደ ሲሊንደሩ ቀበቶ መጣሁ። በቅሎ ጭኖ የሚያውቅ ሰው ይህንን ከእኔ በተሻለ ያስረዳል። ጠፍር ሲረጥብ ይላላል፤ ጭነቱም ዳገት ላይ ይዞራል። ናይለንም ሲረጥብ ትንሽ ይለጠጣል። ስለዚህ የሲሊንደሩ ቀበቶ ከመጥበቁ በፊት ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያ ዘለበቱ ተጨፍልቆ ይቆለፋል፤ በመጨረሻም ሲሊንደሩን በቫልቩ ይዞ ዕቃውን ሁሉ ወደ ላይ አንሥቶ መነቅነቅ ያስፈልጋል። ካልተንሸራተተ ታስሯል። የእኔው በደረቁ ከመታሰሩ ሌላ ናይለኑ ከዘለበቱ ቀዳዳዎች በመጨረሻው ሳያልፍ ቀርቷል፤ አጥብቆ የሚይዘው ደግሞ ያ መጨረሻው ዙር ነው። የበቅሎው ነገር አላለቀም፤ ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ወደ አንገቷ እንዳይሄድ ከጭራዋ ሥር የሚያልፍ ማሰሪያ አላት። ጠላቂም በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ተመሳሳይ ማሰሪያ አለው። የጀርባውን ብረት ቦታው ላይ የሚያስቀረው እሱ ነው። የእኔው ዕቃ ላይ የለም። ሻጩን ስጠይቀው “እሱ ለፈረንጅ ነው” አለኝ።

በረካውን ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። የሲሊንደሩን ትከሻ አዲስ ቢጫ ቀለም በሳንቲም ስፍቀው የብረቱ ማኅተም ወጣ። በአሜሪካ ደንብ የመጥለቂያ ሲሊንደር በየአምስት ዓመቱ በውኃ ግፊት ይፈተናል፤ ወሩና ዓመቱም ትከሻው ላይ ይቀረጻል። በሙያው ልማድ ደግሞ ውስጡ በየዓመቱ በዓይን ይታያል። የእኔው የመጨረሻ ፈተና የተቀረጸው በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ 6351 በሚባል የአሉሚኒየም ቅይጥ ከተሠሩት መካከልም አንገታቸው ላይ የሚሰነጠቁ አሉ። ስለዚህ የማኅተሙ ቦታ አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ ሻጩ ፊት ፋቁት። እንቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ።

ከሁሉ የከፋው ግን ዕቃው ሳይሆን ምክሩ ነው። አየር የት ልሙላ ብዬ ስጠይቀው ሻጩ ሳያፍር “ጎሚስታ ይሞላልሃል፤ እሱ ካልሆነ የብየዳ ኦክስጅን አለ” ብሎኛል። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ስምንት ወይም አሥር ባር ያህል ግፊት ይሰጣል፤ ይህ ሲሊንደር 200 ባር ገደማ ይፈልጋል። አየሩም የሞተር ዘይት ጭስ ሊኖርበት ይችላል፤ ሳንባ ደግሞ ጎማ አይደለም። የብየዳ ኦክስጅን ከዚህም ይብሳል። ንጹሕ ኦክስጅን ከስድስት ሜትር ጥልቀት በታች ሰውነትን ሊያንዘፈዝፍ ይችላል፤ ውኃ ውስጥ የተንዘፈዘፈ ሰው አፉን ከፍቶ ይሰምጣል። በከፍተኛ ግፊት ዘይት ወይም ቅባት የነካው ቫልቭ ውስጥ ሲገባ ደግሞ እሳት ሊነሣ ይችላል። የሲሊንደሩ ቀበቶ ቢላላ ማጅራት ያማል፤ ይህ ምክር ቢሰማ ግን ሰው ይሞታል።

እንዲያም ሆኖ ልግዛ የሚል ካለ፣ መስታወቱን ይተውና የሚጠልቅበትን ልብስ ለብሶ ይለካ። እጁን በትከሻው ላይ አሳልፎ የጀርባውን ብረት ጫፍ በጣቱ መንካት አለበት፤ ካልነካ ብረቱ በጣም ወርዷል። በማንገቻውና በደረቱ መካከል መዳፉ ጠፍጥፎ በቀላሉ መግባት አለበት። ከዚያ ማንም ሳይረዳው አንድ ክንዱን ያውጣ። ሱቅ ውስጥ ያልወጣ ክንድ ውኃ ውስጥ አይወጣም። ራሱን ወደ ኋላ ቀና ሲያደርግ ሬጉሌተሩ እንዳይነካው፣ እጁን ወደ ኋላ ሲሰድድም ቫልቩ ላይ እንዲደርስ ሲሊንደሩን ያስተካክል። ሚዛኑን ግን ውኃ ውስጥ ካልሆነ አያገኘውም። አንድ የተለመደ የአሉሚኒየም ሲሊንደር ሲሞላ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል አየር ይይዛል፤ አየሩ ሲያልቅ መንሳፈፍ ይጀምርና ወገብን ወደ ላይ ያነሣል። ስለዚህ በሙሉውም በጎደለውም መሞከር ይገባል። ጅቡቲ የለመደ ሰው ደግሞ የጊቤ ውኃ ጨው ስለሌለው የሚታጠቀውን እርሳስ መቀነስ እንዳለበት አይርሳ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,670 ሜትር ገደማ ስለሆነም ባሕር ላይ የተማርነው የጊዜና የጥልቀት ሰንጠረዥ (ስንት ሜትር ላይ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየው) እንዳለ አይሠራም።

ገንዘቤን ልጠይቅ ስሄድ ሻጩ “ከሱቄ ሲወጣ ደህና ነበር” አለኝ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ማስቀየር ወይም ገንዘብ ማስመለስ እንደሚቻል ይደነግጋል። ይህን ብጠቅስለት ደረሰኜን ጠየቀኝ። አሁን የሳቀው እሱ ብቻ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች አስታርቀውን 5,000 ብር መለሰልኝ፤ ቡናም ጋበዘን።

የጀርባው ብረት ደህና ስለሆነ አስቀርቼዋለሁ፤ አዲስ ናይለን ከጅቡቲ የሚያመጣልኝ ሰው አግኝቻለሁ። የሲሊንደሩን አየር ቀስ ብዬ አስወጥቼ ቫልቩን ፈታሁና ማንም እንዳይሞላው አንገቱን በመጋዝ አስቆረጥኩት። ባለፈው ሐሙስ ሻጩ ደወለ። ሲሊንደሩን በ10,000 ብር መልሶ ሊገዛኝ ይፈልጋል፤ ሌላ ሰው መጥቶ ማንገቻ እየለካ ነው አለኝ።