«2000 ዋት» ብለው የሚሸጡላችሁን የመኪና አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ፊውዙን ሳታዩ እንዳትገዙ

ወገን እኔ ተበልቻለሁ፣ እናንተ እንኳን ትረፉ ብዬ ነው። መኪናዬ ላይ ቤዝ ላስገባ ብዬ አምፑም፣ 12 ኢንች ሰብዉፈሩም (የቤዝ ስፒከሩ)፣ ኬብሉም፣ ገጠማና ቲዩኒንጉም አንድ ላይ ነው የተባለውን ፓኬጅ ወሰድኩ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 2000 ዋት ይላል፣ እኔም አፌን ከፍቼ ከፈልኩ።

ልጁ ገጥሞ ሲጨርስ ኋላ ኮፈን ውስጥ ጎንበስ አለና በካቻቢቴ ጌይኑን ጥግ፣ ቤዝ ቡስቱንም ጥግ አድርሶ «ስማው እስቲ ወንድሜ» አለኝ። ስፖኪዮው ሲንቀጠቀጥ ከኋላ ያለው መኪና አይታየኝም፣ እውነት ለመናገር ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን የተቃጠለ ፕላስቲክ ነገር ሸተተኝና ቤዙ መንጫረር ጀመረ። ሌላ ባለሙያ ጋር ስወስደው የስፒከሩን ወረቀት በጣቶቹ ቀስ አርጎ ወደ ውስጥ ተጫነው፣ ክርር ክርር አለ፣ «ኮይሉ ነዷል» አለኝ፣ ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል ማለት ነው፣ በቃ።

ከዛ አምፑን አዙሮ ጎኑ ላይ ያለውን ፊውዝ አሳየኝ፣ አንዲት 25 አምፒር። ሞተር ተነስቶ ሲሰራ የመኪና ቮልት ቢበዛ 14.4 አካባቢ ነው፣ በ25 ስታባዙት 360 ዋት። ይሄም የሚገባው እንጂ የሚወጣው አይደለም፣ አምፑ ክላስ ዲ የሚባለው ዓይነት ከሆነ አንድ አምስተኛው ገደማ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፣ ክላስ ኤቢ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ሊጠጋ ይችላል። 2000 ዋት ለማውጣት እኮ ምንም ሳይባክን እንኳ 139 አምፒር ገደማ መሳብ ነበረበት! ካርቶኑ ላይ ያለው «ማክስ» ምናምን ለወሬ ነው፣ አርኤምኤስ (ሳያቋርጥ የሚሰጠው ዋት) ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ኬብሉን በምላጭ ሲፍቀው ደግሞ ከላይ መዳብ ቀለም፣ ውስጡ ነጭ አሉሚኒየም። ላስቲኩ ወፍራም ስለሆነ ነው ትልቅ የመሰለኝ። ከሁሉ ያናደደኝ ግን ባትሪው ጋ ፊውዝ የሚባል ነገር አልገባም፣ ገመዱ የሆነ ቦታ ተልጦ ቦዲ ቢነካ መኪናው ይነድ ነበር። ፊውዙ ከባትሪው ቢበዛ 45 ሳንቲሜትር ውስጥ መሆን አለበት፣ እኔ ደግሞ ልጆች ጭኜ ነው የምዞረው።

ቲዩኒንግ ያሉት ነገርም ቲዩኒንግ አይደለም። ጌይን ቮልዩም አይደለም፣ አምፑን ከቴፑ ጋር ማስማሚያ ነው፣ ከልክ ሲያልፍ ድምፁ ጫፍ ጫፉ ይቆረጥና ኮይሉን ያበስለዋል። ቤዝ ቡስት ደግሞ 12 ዲቢ (ዴሲቤል) ስትጨምሩ አምፑን ወደ 16 እጥፍ ፓወር እየጠየቃችሁት ነው፣ ከየት ያምጣው? ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ቡስቱን ዜሮ፣ ሎው ፓስ ፊልተሩን (ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያሳልፈውን) 80 ኸርዝ አካባቢ አስደርጉና የምታውቁትን ዘፈን ከፍታችሁ ስሙ፣ ቤዙ ከጠፋ ቁልፋችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የሸጡልኝ ሰዎች ጋ ስመለስ «አንተ ድምፅ አብዝተህ ነው» አሉኝ፣ ያበዛው የነሱ ልጅ!! ሁለተኛው ባለሙያ ጋ ቤት የተጣለ የድሮ 10 ኢንች ሰብዉፈሬን ወሰድኩለት፣ በትክክለኛ ኬብል ከገጠመው በኋላ ፌዝ የምትለዋን፣ የስፒከሩን የመግፋትና የመሳብ አቅጣጫ የምትገለብጠዋን ማብሪያ ከ0 ወደ 180 ገለበጣት፣ ሹፌር ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ቤዙ ሲሞላ ሰማሁት። ለማብሪያዋ ምንም አላስከፈለኝም።