የቶምቦላ ገንዘብና ምርጫ፦ ጎንደር ላይ ለማኅበራት የሚሰጥ ሥልጠና ሲገመገም

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የሚገኝ አንድ የሕግና የሒሳብ ቢሮ ስለ ቶምቦላ ገንዘብና ለፓርቲ ስለሚሰጥ ስጦታ ለማኅበራት ገንዘብ ያዦች የሚሰጠው የግማሽ ቀን ሥልጠና በቲኬት ቁጥጥሩ በኩል በጣም ጥሩ ነው። ቶምቦላ ከመሸጡ በፊት ከሎተሪ አገልግሎት ፈቃድ ሊወጣለት እንደሚገባ ያስረዱና ብዙውን ሰዓት ለቲኬት ጥራዞቹ ይሰጣሉ። ጥራዙ በተራ ቁጥር ተለይቶ በፊርማ ይወጣል፤ ሲመለስ ጉርዱ፣ ማለትም ቲኬቱ ተቆርጦ ሲሸጥ ጥራዙ ላይ የሚቀረው ቁራጭ፣ ይቆጠራል። ባለ 20 ብር ቲኬት 1,000 ታትሞ 180 ሳይሸጥ ከተመለሰ፣ ባንክ መግባት ያለበት 16,400 ብር ነው። የማተሚያና የሽልማት ወጪ ከሽያጩ ላይ እየተነሣ አይከፈልም፤ ገንዘቡ ሙሉውን ባንክ ገብቶ ከዚያ በቼክ ይወጣል። ብዙ ማኅበር የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ አንዴ ከሽያጩ ከተነሣለት ጉርዱና የባንክ መግለጫው ዳግመኛ አይገናኙም።

ድክመቱ ያለው የፖለቲካው ክፍል ላይ ነው። የምርጫና የፖለቲካ ፓርቲዎች አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ፓርቲዎች ከውጭ ዜጋ፣ ከሃይማኖት ተቋም፣ ከበጎ አድራጎት ድርጅትና ምንጩ ካልታወቀ ወገን ስጦታ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። ሥልጠናው ይህን አንብቦ ያልፋል፤ ክልከላው በተግባር እንዴት እንደሚጣስ ግን አያሳይም። የሚጣሰው በተውሶ ስም ነው። ለምሳሌ ከቶምቦላው ትርፍ 8,000 ብር በአራት የኮሚቴ አባላት ስም ተከፋፍሎ ለዕጩ ይሰጣል፤ ደረሰኙ የአራት ግለሰቦች ነው፣ ገንዘቡ የማኅበሩ። ይህን የሚያጋልጠው ያው ጉርድና የባንክ መግለጫ ነውና ሁለቱን ክፍሎች አያይዞ ማስተማር ይገባ ነበር።

አሠልጣኞቹ የሎተሪ ዕጣንም የቶምቦላ ትርፍንም «የቁማር ገንዘብ» ብለው በአንድ መጠቅለላቸውም ልክ አይደለም። ፈቃድ ባለው ሎተሪ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡ የግሉ ነው፤ በራሱ ስም ለፓርቲ ቢሰጥ እንደ ማንኛውም ዜጋ ስጦታ ይታያል። የቶምቦላው ትርፍ ግን ፈቃዱ ለተጠየቀበት ዓላማ ብቻ ነው፤ ለትምህርት ቤት ጣሪያ ከተባለ ለጣሪያው።

የማስተማሪያው ጽሑፍ የአሜሪካዋን ቴክሳስ ይጠቅሳል። እዚያ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ቢንጎ ከተባለው የዕጣ ጨዋታ ያገኙትን ትርፍ ዕጩ ለመደገፍም ሆነ በሕግ አወጣጥ ላይ ተጽዕኖ ለማሳደር እንዳያውሉት የሚከለክል ሕግ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክልከላውን ከመናገር ነፃነት ጋር ይጋጫል ማለቱን ግን ጽሑፉ አያነሣም። እኛን የሚገዛን የራሳችን አዋጅ ስለሆነ ምሳሌው ቢወጣ የሚጎድል ነገር የለም።

ቶምቦላ ለማዘጋጀት ለተነሣ ማኅበር ሥልጠናው ይጠቅማል። በምርጫ ሰሞን ከሆነ ግን ቲኬቱ ከመታተሙ በፊት የትርፉን ዓላማና በቼኩ ላይ የሚፈርሙትን ሁለት ሰዎች በቃለ ጉባኤ ማስፈር ያስፈልጋል፤ ይህን ሥልጠናው አይነግራችሁም።