የባሩድ ሻይ፦ በአነስተኛ ዋጋ የሚገኝ የቻይና አረንጓዴ ሻይ

ሰሞኑን ስቀምሰው የሰነበትኩት በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር የሚመረተውን፣ ቻይናውያን «ዡቻ» ማለትም የዕንቁ ሻይ፣ ሌላው ዓለም ደግሞ የባሩድ ሻይ የሚለውን ርካሽ አረንጓዴ ሻይ ነው። ቅጠሉ እንደ ቁንዶ በርበሬ ፍሬ ተጠቅልሎ የደረቀ ሲሆን፣ ጥብቅና አንጸባራቂ ፍሬ የጥሩ ሻይ ምልክት ነው፤ እኔ በገዛሁት ከረጢት ሥር ግን ብናኝ ስላገኘሁ ቅር ብሎኝ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን እንደ ጥቁር ሻይ በሚንተከተክ ውሃ ባዘጋጀው አፍ የሚያጨማድድ ምሬት ሰጠኝ። ጥፋቱ የሻዩ አልነበረም። በማግስቱ የፈላው ውሃ ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪወርድ ጠብቄ፣ 3 ግራሙን በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ ለ2 ደቂቃ ብቻ ሳቆየው፣ ፍሬዎቹ ቀስ በቀስ ተፍታትተው ቅጠል ሆኑ፤ ውሃውም ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ ቀለም ያዘ። ጣዕሙ ጠንከር ያለ፣ ጥቂት የጭስ ሽታ ያለው፣ ከተዋጠ በኋላ ግን ምላስ ላይ ለስላሳ ጣፋጭነት የሚተው ነው። ያንኑ ቅጠል ደግሜ ስዘፈዝፈው እንዲያውም የተሻለ ሆኖ አገኘሁት፤ በሦስተኛው ግን ደከመ።

ከዚያው ክፍለ ሀገር የሚመጣውን ሎንግጂንግ የተባለውን ውድ አረንጓዴ ሻይ የለመደ ሰው ያንን ረቂቅ መዓዛ እዚህ አያገኝም። ለዕለት መጠጥ ግን ዋጋው የሚገባው ሻይ ነው፤ በተለይ ሞሮኮዎች እንደሚያደርጉት ትኩስ ናናና ስኳር ሲጨመርበት ምሬቱ ከናናው ጋር እጅግ ይስማማል።