ጣቱ ለደነዘዘ ሰው የመስሚያ መርጃ ሲመረጥ

የማኅፀን በር ካንሰር ታክሜ ድኛለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከጨረሩ ጋር የወሰድኩት ሲስፕላቲን የሚባለው መድኃኒት ግን ሁለት ነገር ትቶብኛል። አንዱ ጆሮዬ ላይ ነው። መድኃኒቱ የውስጠኛውን ጆሮ ጥቃቅን የፀጉር ሕዋሳት ይጎዳል፤ እነሱ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ሰው ሲያወራ እሰማለሁ፤ ምን እንዳለ ግን አልይዘውም። ስ፣ ሽ፣ ፍ ያመልጡኛል። ሁለተኛው የነርቭ ሕመም ነው። ጣቶቼ ደንዝዘዋል፤ ሌሊት እግሬን እሳት የረገጥኩ ያህል ያቃጥለኛል።

መርጃውን የገዛሁበት ሱቅ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ከቱሉ ዲምቱ ታክሲ እየቀያየረ ለመጣ ሰው ደረጃው ይከብዳል። እግሩን የሚያመው ደንበኛ እንዳለ ሊያስቡበት ይገባል። ባለሙያው ግን ይባረክ። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ ሳይጮህ፣ ረጋ ብሎ ነው ያናገረኝ። የጆሮ ምርመራ ወረቀቴን አይቶ፣ «እናቴ፣ ወፍራሙን ድምፅ በደንብ ይሰማሉ፤ እሱን አልነካውም» አለኝ። ቀጭኑን ብቻ ከፍ አደረገው። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ጫፍም ክፍት ስለሆነ ወፍራሙ ድምፅ እንደ ወትሮው ይገባል። በርካሽ የሚሸጡት ድምፅ ማጉያዎች ይህን አይለዩም፤ የታክሲውንም ሞተር፣ የሰውንም ወሬ እኩል ያስጮሁታል።

ዋናው ጉዳይ ግን ባትሪው ነው። መጀመሪያ ያሳየኝ ባለ ቡናማ ምልክት፣ ቁጥር 312 ባትሪ የሚወስደውን ነበር። ከጆሮ ኋላ ሲገባ አይታይም፤ ያምራል። «እስቲ ባትሪውን ራስዎ ይቀይሩት» አለኝ። መያዜ ራሱ አልታወቀኝም፤ ወደቀ። ባለ ብርቱካናማው 13 ስፋቱ ያው ነው፤ ወፈር ስለሚል ግን በጣቴ ይያዛል። እሱን ወሰድኩ። ቻርጅ የሚደረገው ለጣት ከሁሉም ይቀላል። እኛ ሰፈር መብራት ስለሚጠፋ ተውኩት እንጂ፣ መብራት የማያስቸግረው ሰው እሱን ይግዛ።

አሁን ልጄ ከጓዳ «እማ» ስትለኝ ቀጥሎ ያለውንም እሰማለሁ። ለዚህ ብቻ ብሩ አይቆጨኝም። መጀመሪያ ሰሞን የሲኒ ኳኳታ ጆሮዬን ይወጋኝ ነበር፤ ተመልሼ አስቀነስኩት። ነጠላ ስከናነብ ማይኩን እየነካ ኮሽ ኮሽ ይላል። ለዚህ መላ አላገኘሁለትም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጣም ያስቸግራል። እንጀራ ስጋግር እንፋሎቱ እንዳይገባበት አወልቀዋለሁ።

ጆሮዬ ውስጥ ጭው የሚለው ድምፅ፣ ጭውታው፣ አልጠፋም። ቀን ላይ ሌላ ድምፅ ስለምሰማ ይቀልልኛል። ሌሊት መርጃው ሲወልቅ ጭውታውም የእግሬም ቃጠሎ አብረው ይመጣሉ። ለቃጠሎው ሐኪም ያዘዘልኝ አሚትሪፕቲሊን አፌን ቢያደርቀውም እንቅልፍ ይሰጠኛል። ለጭውታው ሬዲዮ ዝቅ አድርጌ እከፍታለሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት ባትሪውን በገዛ እጃችሁ ቀይሩ፤ ሻጩ አይቀይርላችሁ። ባትሪ ስትገዙ ደግሞ የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ባትሪው ላይ ያለችውን ተለጣፊ ከላጣችሁ በኋላ ወዲያው መርጃው ውስጥ ከትታችሁ አትክደኑት። በአየር ነው የሚሠራው፤ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁት።