ሐዋሳ ያላችሁ ወላጆች፣ ይቺን መምህር ተዋወቁልኝ

እግዜር ይስጥልኝ ቲቸር! በስልክ ስንቴ ብዬሻለሁ፣ ዛሬ ግን ሰው ሁሉ ይስማልኝ።

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። የዜግነት ትምህርት ሲነሳ ፊቷ ይጠቁር ነበር። መጀመሪያ ያስጠናናት ቦታ፣ ስሙ ይቅር፣ ክፍያውን በቅድሚያ ተቀብሎ ሀንድአውት ማሸምደድ ነው ሥራው። የፖሊሲ ትርጉም፣ የፖሊሲ ዓይነቶች... ጥያቄ ብትጠይቅ «ፈተና ላይ አይወጣም» ትባላለች። ይባስ ብለው «ልጅሽ ፈዛዛ ናት» አሉኝ። እሷው ፊት! እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ይቺ መምህር የምታስተምረው በጨዋታ ነው። ጎድጓዳ ሳህኑ ሐይቃችን፣ ባቄላው ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ነው። ልጆቹ በየተራ ያጠምዳሉ፤ የተረፈው ይራባል። መጀመሪያ ቀን ተሻምተው ሐይቁን ባዶ አስቀሩት። ነጥቡ እንዴት እንደሚቆጠር አልገባኝም። ከዚያ ሚና ይከፋፈላሉ፦ አጥማጅ፣ አሞራ ገደል ዓሣ የምትሸጥ፣ ባለ ሆቴል፣ የቢሮ ኃላፊ። ደንቡን የሚያወጡት ራሳቸው ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ልወስዳት ቀደም ብዬ ደረስኩ። ልጄ የቢሮ ኃላፊ ሆናለች። ትንንሹን ዓሣ ሳይቀር የሚለቅመው ዓይኑ ጠባብ መረብ ይከልከል ወይስ አይከልከል? መወሰን አለባት። ዝም አለች። ልጆቹ «በይ እንጂ!» ይላሉ። መምህሯ እጇን አንስታ «ክብርት ኃላፊ እያሰቡ ነው፤ እንጠብቃቸው» አለች። በቃ። መልሱን አልነገረቻትም፣ ተራዋን ለሌላ ልጅ አልሰጠችባትም። ጠበቀቻት። ልጄ ቀና ብላ «መረባቸውን ከነጠቅናቸው ሰፊውን በምን ይገዛሉ? መጀመሪያ እሱን እንወስን» አለች። በር ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ። ፈዛዛ የተባለችው እኮ ናት!

አሁን ማታ ማታ አዋጅ ቁጥር 315/1995ን ስልኳ ላይ ከፍታ ለአባቷ ታነብለታለች። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ነው፤ ሐይቅ ዳር እየኖርን መኖሩንም አናውቅም ነበር። ኤሊኖር ኦስትሮምም ከአፏ አትጠፋም፤ በአውሮፓውያን 2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት። ዓሣና ግጦሽ የሚጋሩ ሰዎች በራሳቸው ደንብ ሀብታቸውን ማቆየት እንደሚችሉ ያሳየች ናት አለችን። በሚቀጥለው ደግሞ ጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ስለሚያመጣው ደለል ይጫወታሉ። ከአሁኑ ወረቀት እየሰበሰበች ነው።

ወላጆች፣ ላኩ! በተለይ ዝምተኛ ልጅ ያላችሁ፣ እባካችሁ ላኩ። ክፍያዋ አይጎዳም፤ የምትቀበለውም ወሩ ሲያልቅ ነው። ስሟን እዚህ እንዳላወጣ ስለለመነችኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ብዙ ልጅ ስለማትቀበል ቶሎ በሉ።