ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አካባቢ ያለችው የሙስሊም ምግብ ቤት

ለሥራ ደብረ ማርቆስ ስመላለስ ሥጋ ካማረኝ የምገባው እዚች ቤት ነው። እኛ ሙስሊሞች እዚህ ጥቂት ስለሆንን ቢስሚላህ ተብሎ የታረደ በየመንገዱ አይገኝም። ጥብሱ በሸክላ እየተንጨረጨረ ይቀርባል፤ ቃሪያው ትኩስ፣ እንጀራው ለስላሳ ነው።

እኔ ግን ከምግቡ በላይ ጓዳዋን እወዳታለሁ። በሩ ላይ ለውዱእ (ከሶላት በፊት ለመታጠቢያ) ውኃ የሞላ ማንቆርቆሪያ፣ ውስጥ አምስት ሰው የሚያሰግድ ሰሌን አለ። ከዙህር (ከቀትር ሶላት) በኋላ ሻይ ይዘን ስንቀመጥ ወሬው ወደ አገር ጉዳይ ይዞራል። ባለፈው አንድ አባት ስለ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 የአዲስ አበባ ሰልፍ አወሩን፤ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንድንባል ስለተጠየቀበት። ሁለቱ ኢዶችና መውሊድ ብሔራዊ በዓል የሆኑት ከዚያ በኋላ በደርግ ዘመን ነው። የምግብ ቤቷ ባለቤትም ቀበል አድርገው፣ «ልጄ፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ሱብሂ ሰግጄ በቀጥታ ምርጫ ጣቢያ ሄጄ ተሰለፍሁ» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ከልቤ።

ጁምዓ ቀን ሻይ ይዘገያል። ለሴቶች የተለየ መስገጃም ስለሌለ ወንዶቹ እስኪጨርሱ ቆመን እንጠብቃለን። ይህን ለባለቤቱ ስነግራቸው የገዙትን አረንጓዴ መጋረጃ አውጥተው አሳዩኝ፤ የቀረው መስቀያው ብቻ ነው።