የ10 ቀን የአርምሞ ትምህርት፦ ውሳኔ ከፊቱ ላለበት ሰው ምን ይጠቅመዋል?

ከሁለት ዓመት በፊት የሱቅ ኪራይ ውል መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ሞተሩን እንኳ ሳላጠፋ፣ ስልኬ ላይ በጣቴ ፈረምኩ። አከራዩ «ዛሬ ማታ ካለፈ ሌላ ሰው ይወስደዋል» ስላለኝ ብቻ ገጾቹን ሳላነብ የሦስት ዓመት ግዴታ ገባሁ። ሱቁ በ11ኛው ወር ተዘጋ፤ ቀሪውን ኪራይ እስከ አሁን ከደመወዜ እየከፈልኩ ነው። እናቴ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ስትል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማ ነበር፤ የገባኝ ግን ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ባለፈው ዓመት አባታችን አዲስ አበባ ትቶልን ያለፈው ቤት ይሸጥ አይሸጥ የሚለው ጥያቄ ሲመጣ፣ ለወንድም ጋሼ መልስ ከመስጠቴ በፊት ቀልቤን ልሰብስብ ብዬ፣ እዚህ አሜሪካ ውስጥ በሚገኝ አንድ ማዕከል የ10 ቀን የቪፓሳና (በዝምታ ተቀምጦ ትንፋሽንና በሰውነት የሚሰማውን የመከታተል) ትምህርት ተመዘገብኩ።

ትምህርቱን ከበርማ (ከዛሬዋ ምያንማር) አውጥተው ለብዙ አገሮች ያዳረሱት እ.ኤ.አ. በ1924 ማንዳሌይ የተወለዱት ነጋዴው ኤስ. ኤን. ጎዬንካ ናቸው። በ1969 ወደ ሕንድ ሄደው ማስተማር ጀመሩ፤ በ2013 ቢያርፉም በአዳራሹ የሚሰማው እስከ ዛሬ የተቀዳ ድምፃቸው ነው። እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን የመምህራቸው የኡ ባ ኪን ታሪክ ነው። ኡ ባ ኪን መነኩሴ ሳይሆኑ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ በጸሐፊነት ጀምረው፣ በርማ በጃንዋሪ 1948 ነጻ ስትወጣ የአገሪቱ የመጀመሪያው ዋና የሒሳብ ሹም ሆኑ። ለመሥሪያ ቤታቸው ባልደረቦች ተመስጦን ያስተምሩ፣ በአንድ ጊዜም ከአንድ በላይ መሥሪያ ቤት ይመሩ ነበር። ቀኑን ሙሉ ፋይል እየተገለጠለት ውሳኔ የሚጠበቅበት ሰው እርጋታን ለሥራው እንደሚያስፈልግ ነገር መያዙ፣ ይህ ትምህርት ከዓለም ለሸሹ ብቻ አለመሆኑን አሳምኖኛል።

በመጀመሪያው ቀን ስልክ፣ መጽሐፍ፣ ብዕርና ወረቀት ሳይቀር ይረከቧችኋል። ከዚያ ምሽት ጀምሮ እስከ አሥረኛው ቀን ረፋድ ድረስ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር መነጋገር ቀርቶ በዓይን መጠቃቀስ እንኳ አይፈቀድም። ደወሉ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይደወላል፣ መብራት የሚጠፋው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው፤ በመካከሉ አሥር ሰዓት ያህል ቁጭ ይባላል። ምግቡ ሥጋ የሌለበት ሲሆን ምሳ ከረፋዱ 5 ሰዓት ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ለአዲስ ተማሪ ያለው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የሚቀርብ ሻይና ፍራፍሬ ብቻ ነው። ረሃቡ ከፈራሁት በታች ሆኖ አገኘሁት፣ የመኝታ ክፍሉ ብርድ ግን ከጠበቅሁት በላይ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ተኩል ሥራ ትንፋሽን መከታተል ብቻ ነው፤ በአፍንጫ ሲገባና ሲወጣ ማየት፣ ሐሳብ ሲኮበልል ሳይቆጡ መመለስ። በአራተኛው ቀን ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጣት በሰውነት ላይ የሚሰማውን ሁሉ እየተከታተሉ፣ ደስ ቢልም ሳይመኙት፣ ቢያምም ሳይሸሹት መቀመጥ ይጀመራል። ከዚያ ወዲያ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አንድ አንድ ሰዓት፣ እጅና እግርን ሳያንቀሳቅሱ ዓይንንም ሳይገልጡ ይቀመጣሉ።

የመጣሁበትን ያገኘሁት በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ቀኝ ጉልበቴ እንደ ፍም እየጋለ ሳለ፣ ወንድም ጋሼ በስልክ «አንቺ ውጭ ሆነሽ ምን ታውቂያለሽ?» ያለኝ ቃል ድንገት መጣብኝ። መንጋጋዬ ተቆለፈ፣ ደረቴ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ሙቀት ተሰማኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስልኬን አንስቼ የምጽፍለትን እጽፍለት ነበር፤ እዚያ ግን ስልክም ብዕርም ስለሌለ ሙቀቱን ከማየት በቀር የማደርገው አልነበረኝም። ዳር ዳሩ እየሳሳ፣ አንዴ እየጠበበ አንዴ እየሰፋ ቆየና ደወሉ ሳይደወል ጠፋ። እሱ ሲጠፋ ከሥሩ የቀረውን አየሁ፦ «አይሸጥም» ለማለት ተዘጋጅቼ የነበረው ቤቱን ፈልጌው ሳይሆን፣ ያ ቃል ስላሳመመኝ ነበር። ስለ ቤቱ ለካ ገና ምንም አላሰብኩም።

አባቴ ለሽምግልና በተጠራ ቁጥር፣ ባለጉዳዮቹ ሲጋጋሉ «በቃ፣ ነገሩ ይደር» ብሎ ይነሣ ነበር። በልጅነቴ ከነገር የመሸሽ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ በሰው ውስጥ የሚጮኸው ንዴት እስኪበርድ የሚናገረው ሰው ማን እንደሆነ ስለማይለይ ነው ያሳደረው። ትምህርቱ ለእኔ የሰጠኝ ይህንኑ ማሳደር በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ በራሴ ሰውነት ላይ የማደርግበትን መንገድ ነው።

ከማዕከሉ ስወጣ ለወንድሜ ደውዬ የጠየቅሁት ስለ ዋጋ ሳይሆን እናታችን የት ብትኖር እንደሚሻል ነበር። ደረጃው እንደከበዳት፣ ደረጃ የማይወጣበት፣ ለቤተ ክርስቲያን የቀረበ ቤት እንደምትመኝ ያን ቀን ነገረኝ፤ ከዚያ በፊት አልጠየቅሁትም ነበር። የሦስት ወር ጊዜ ወሰድን፣ የመጀመሪያው ገዢ ትቶን ሄደ፣ ለሌላ ሸጥነው። ዋጋው ከመጀመሪያው በጥቂቱ አንሷል፤ ቢሆንም ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ጸጸት የለብኝም።

የእኛ ሰዎች ሳይመዘገቡ ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ። ትምህርቱ ሃይማኖት ለውጡ ባይልም፣ በአሥሩ ቀን ውስጥ ጸሎት፣ ስግደት፣ ጾምና መቁጠሪያ እንዲተው ይጠይቃል። ምክንያታቸው ዘዴው ከሌላ ጋር ሳይቀላቀል እንዲሞከር ነው። ውዳሴ ማርያም ሳትደግም ውላ ለማታውቅ እናት፣ ወይም አምስቱን ሰላት ለሚጠብቅ ሰው ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ እኔንም ከጉልበቴ ሕመም ይልቅ የከበደኝ ይኸው ነው። ይህን መቀበል የማይችል ሰው የራሳችን ሱባኤ አለለት፤ ስልኩን ዘግቶ ወደ ገዳም የሚገባ ሰው አርምሞን እዚያም ያገኘዋል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ እንዳይገባ ማዕከሎቹ ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ፤ ማስጠንቀቂያው በቁም ነገር ሊወሰድ ይገባዋል፤ በዝምታ ውስጥ የሚነሣው ነገር ሁሉ ብቻን የሚቻል አይደለምና። ምሳ ሰዓት ላይ ከመምህሩ ጋር መነጋገር ይቻላል፤ በእኔ በኩል ግን ደቂቃዎቹ አጥሩብኝ፣ መልሶቹም ከቃል በቃል መመሪያ ብዙም አላለፉም።

ክፍያ የለውም። አልጋውም ምግቡም ቀደም ሲል በተማሩ ሰዎች ስጦታ የሚሸፈን ሲሆን፣ ስጦታ የሚቀበሉትም ትምህርቱን ከጨረሰ ሰው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ሰዓት እንድትቀመጡ ይመክራሉ። ልጆች ላሉት ሠራተኛ ይህ አይሞላም፤ እኔ የያዝኩት ጠዋት ስልክ ከመክፈቴ በፊት ግማሽ ሰዓት ነው። የምትሄዱ ከሆነ ከተመለሳችሁ በኋላ አንድ ቀን ባዶ አድርጉ። እኔ በማግስቱ ሥራ ገብቼ፣ የቢሮው ስልክ ሁሉ ጆሮዬ ሥር የሚጮህ መስሎኝ ነው የዋልኩት።